የቀበቶ ቀዳዳና የጎመን ድስት



የአንድ ሠራዊት ብርታት የሚለካው በመሣሪያው ብዛትና በሥልጠናው ጥራት ብቻ አይደለም። መሣሪያውን የሚሸከመው ወታደርና ከኋላው ያለው ቤተሰብ ጤና ካጡ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ድምፅ ሳያሰማና ሕመም ሳያሰማ ለዓመታት በሰው ደም ውስጥ አድብቶ ስለሚቆይ ጠላት ልንነጋገር እንወዳለን። ይኸውም ከልክ በላይ የተከማቸ ኮሌስትሮል ነው። ከእርሱ ጋር በቅርብ የተሳሰሩትን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ቦርጭንና የአትክልትና ፍራፍሬ እጥረትን፣ አንድ ላይ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በአገራችን ከመስመር ወደ ጽሕፈት ቤት የተዛወረ ሰው ሆዱ ገፋ ብሎ ሲታይ «ተመችቶሃል» ይባላል። ሚስቱም «ባልሽን ይዘሽዋል» እየተባለች ትመሰገናለች። ይህ ምስጋና በችጋር ዘመን የተወለደ በመሆኑ አያስወቅስም፤ ረሃብን በዐይኑ ላየ ሕዝብ ሥጋ የለበሰ ገላ የደኅንነት ማስረጃ ነበር። ሐኪም ግን ያንኑ ቦርጭ ሲያይ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። እኛም ዛሬ ማስረዳት የምንፈልገው ይህንኑ ነው፦ የሰውየው እርምጃ ሲቀንስ ድስቱም አብሮ መለወጥ አለበት፤ ድስቱ ካልተለወጠ ልዩነቱ በወገብ ላይ ይጻፋል፣ በወገብ ላይ የተጻፈውም ወደ ደም ይገለበጣል።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነታችን የሕዋሳቱን ግድግዳ የሚሠራበት፣ ልዩ ልዩ ሆርሞኖችንና ሐሞትን የሚያዘጋጅበት ስብ መሰል ነገር ነው። አብዛኛውን የሚያመርተው ራሱ ሰውነታችን ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ጉበት ዋነኛውን ድርሻ ይይዛል። ስብ በውኃ እንደማይሟሟ ሁሉ በደምም ስለማይሟሟ እንደ ስንቅ በተሽከርካሪ ተጭኖ ይጓዛል። ኤል ዲ ኤል የተባለው ተሽከርካሪ ከጉበት ወደ ልዩ ልዩ የአካል ክፍሎች ያመላልሳል። ኤች ዲ ኤል የተባለው ደግሞ የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል።

ችግሩ የሚፈጠረው የኤል ዲ ኤል ብዛት ከሚፈለገው ሲያልፍ ነው። መንገዱ ላይ የቀረው ጭነት በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ይጋገራል፤ መተላለፊያውም ከዓመት ወደ ዓመት ይጠባል። አንድ ቀን የተጋገረው ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። በልብ ላይ ከደረሰ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ላይ ከደረሰ ስትሮክ ይሆናል። እስከዚያች ቀን ድረስ ሰውየው ምንም ምልክት ላይሰማው ይችላል።

ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረው የጦር ሜዳ ነው። የቃኘው ሻለቃ ጀግኖቻችን በተሰለፉበት በኮርያ ጦርነት የወደቁ 300 የአሜሪካ ወታደሮች አስከሬን በሐኪሞች ተመርምሮ ውጤቱ በ1953 ታትሟል። የወታደሮቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ገደማ ነበር። እንዲህም ሆኖ ከመቶው በ77ቱ የልብ ደም ቅዳ ላይ በሽታው መጀመሩ በዐይን ታየ። እነዚህ ለውትድርና ብቁ ናችሁ ተብለው የተመለመሉ ወጣቶች ነበሩ።

ሁሉም ስብ አንድ አይደለም

የማርሴዩ ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ቫግ በ1947 አንድ ነገር አስተዋለ። ስብ በዳሌና በጭን ላይ ሲቀመጥና በሆድ ላይ ሲቀመጥ የሚያስከትለው ጉዳት አንድ አይደለም። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ እንደ ቆመ መጋዘን ነው። በሆድ ውስጥ በአንጀት መካከል የሚከማቸው ግን አያርፍም። ከዚያ አካባቢ የሚነሣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚፈስ ስቡም እየተፈታ ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጉበትም የመጣለትን ስብ እየጫነ ወደ ደም ይልከዋል። በዚህም ምክንያት ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ በደም ውስጥ ይበዛል፤ ሰብሳቢው ኤች ዲ ኤል ያንሳል፤ ኤል ዲ ኤልም መጠኑ እያነሰ፣ ወደ ደም ቅዳ ግድግዳ ለመስረግ የሚመች እየሆነ ይሄዳል። የአንድ ሰው ጠቅላላ የኮሌስትሮል ቁጥር ብዙ ያልጨመረ ቢመስልም እንኳ ቦርጩ የደሙን ስብ አሰላለፍ ሊያበላሽ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ለንደን ውስጥ የተደረገውን ምርመራ ወታደር በተለይ ሊያስታውሰው ይገባል። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1953 ባወጣው ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት የአውቶቡስ ሹፌሮች ባለሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይበልጥ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳየ። በ1956 ደግሞ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ ገለጠ። የሹፌሮቹ ሱሪ ወገብ ከቆራጮቹ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። የንብረት ክፍል መዝገብ ከሐኪም መዝገብ ጋር ተደርቦ ሊነበብ እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው።

ካርቱም ምን ታስተምረናለች?

የለንደኑ ትምህርት በእኛው አካባቢ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት ካርቱምን እንመልከት። ካርቱም ለኢትዮጵያዊ ሩቅ ከተማ አይደለችም። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በእርሷ ነው። በመተማ በኩል ተሻግረው በዚያ የሠሩ፣ የነገዱና ልጅ ያሳደጉ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ዴም በተባለው ሰፈርም የሐበሻ ምግብ ቤቶች የታወቁ ነበሩ። ከአንባቢዎቻችንም መካከል በዚያ የኖረ ወንድም ወይም እኅት ያላቸው አይጠፉም።

በ2005 እና በ2006 በካርቱም ግዛት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 የሆኑ ነዋሪዎች በዓለም ጤና ድርጅት ዘዴ ተመርምረው ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኘ። ከአምስት ሰው የአንዱ ያህል ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል። እጅግ የሚበዙት ደግሞ በቂ የአካል እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ በእግር የሚሄድ ጥቂት ነው። ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦ ይነግዳል፣ ተቀምጦ ይሠራል፣ ተቀምጦ ስኳር የበዛበትን ሻይ ይጠጣል። ፉሉ ራሱ ባቄላ በመሆኑ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ዘይት ሲፈስበትና ከብዙ ዳቦ ጋር ሲበላ ለጉልበት ሠራተኛ የተመጠነው ስንቅ ለተቀማጭ ሰው ይሰጣል ማለት ነው። ከሚፈለገው በላይ የገባውን ስኳርም ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2015 በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሪነት በመላው አገሪቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ በዚያው ዘዴ ምርመራ ተካሂዷል። ክብደቱ ከልክ ያለፈው ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በቀን የሚመከረውን አትክልትና ፍራፍሬ የማይበላው ከመቶ 97 ይበልጥ ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን እናስተውል። ገበሬው በእግሩ ይሄዳል፣ ያርሳል፣ ይሸከማል፤ ቅቤና ሥጋ የሚያገኘው በበዓል ነው፤ የአትክልቱ ማነስ በወገቡ ላይ አይታይም። ያው ሰው ወደ ካርቱም፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲገባ እርምጃው ይቀራል፤ ሥጋው፣ ዘይቱና ስኳሩ ይጨመራል፤ አትክልት አለመብላቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። አትክልት ማጣትን ከገጠር ይዘን እንገባለን፤ ቦርጭን ከከተማ እንቀበላለን። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ የተገናኙ ጊዜ አደጋው ይከብዳል።

የጦር ሠፈርም እንደ ከተማ ነው። በግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ኮቾሮ ቆርጥሞ ተራራ ይወጣል። ያው ወታደር ወደ መምሪያ ሲዛወር ተቀምጦ ይውላል፤ የሚቀርብለት ምግብ ግን ተራራ ለሚወጣ ሰው የሚበቃ ነው፤ ማታም በክበቡ ቢራ ይጨመርበታል። በ52 አገሮች ተካሂዶ በ2004 የታተመው ኢንተርኸርት የተባለው ታላቅ ጥናት ከ15 ሺህ የሚበልጡ የልብ ሕመምተኞችን መርምሯል። ከዘጠኙ ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የተበላሸ የደም ስብ፣ ማጨስ፣ ቦርጭ፣ በየቀኑ አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላት እና እንቅስቃሴ ማጣት ይገኙበታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሰው እጅ ያሉ ናቸው።

«ጎመን በጤና»

አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ሲሉ ያለውን አመስግኖ በሰላም ማደርን ማለታቸው ነበር። አባባሉ ግን ቃል በቃልም እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ሐሞት ወደ አንጀት ፈስሶ ስብን ካላቀቀ በኋላ አብዛኛው ተመልሶ ይመጠጣል። በአትክልት፣ በፍራፍሬ፣ በአጃና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሠር ግን በአንጀት ውስጥ እንደ አጥሚት ወፍሮ ሐሞቱን ይይዝና ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኤል ዲ ኤልን ከደም ይስባል። ኤል ዲ ኤልን የሚቀበሉትን በሕዋሳት ላይ ያሉ በሮች ያገኙት ብራውንና ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

እውነቱን ሳናጋንን መናገር ይገባናል። በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም የሚሆን የሚሟሟ አሠር ብቻውን ኤል ዲ ኤልን የሚቀንሰው በመቶ 5 ገደማ ነው። ጎመን መድኃኒት አይደለም። ነገር ግን ጎመኑ በትሪው ላይ ቦታ ሲይዝ ጮማው ቦታ ያጣል፤ ሆድ በትንሽ ስብ ይጠግባል፤ ወገብም ይቀንሳል። ቅቤና ሲበርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ሲቀነሱ ደግሞ ኤል ዲ ኤል ይበልጥ ይወርዳል። ኃይሉ ያለው በአንድነቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መጠን በቀን 400 ግራም ነው። ይህም በአምስት ድርሻ ሲከፈል እያንዳንዱ 80 ግራም ይሆናል። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ወይም ሙዝ አንድ ድርሻ ነው። ድንች ግን በዚህ አይቆጠርም። በካርቱም የሚበላው ባሚያ ለዚህ ዓላማ እጅግ የተመቸ ነው፤ ሲበስል የሚያዝለገልገው ነገር ያው የሚሟሟው አሠር ነውና። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት በቱቲ ደሴት ገበሬዎች ለከተማይቱ አትክልትና ሎሚ ያመርቱ ነበር። መሬቱን ካዳበረው ደለል ውስጥ የኢትዮጵያ ደጋ አፈር አለበት። ስለዚህ በካርቱምም ሆነ በአገራችን ችግሩ የምድሩ ንፍገት ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ የልማድም ጉዳይ አለበት።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ወገባችንን እንለካ። በወር አንድ ጊዜ ባልና ሚስት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካኩ። ሜትሩ የሚያርፈው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው። ትንፋሽ ወጥቶ፣ ሆድ ሳይሰበሰብ ይለካል። በብዙ አገሮች በሚሠራበት መለኪያ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር የማስጠንቀቂያ መስመር ነው። ለወንድ 102፣ ለሴት 88 ካለፈ አደጋው ከብዷል። ቀበቶን ብቻ ማመን አይበቃም። ቀበቶውን ከቦርጩ በታች አውርዶ የሚታጠቅ ሰው ቀዳዳው ሳይለወጥ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሁለተኛ፤ ድስቱን እንለውጥ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባና ቀይ ሥር በየዕለቱ ከወጡ ጎን ይቅረቡ። ምስርና ሽሮ የድኻ ምግብ ተብለው አይናቁ፤ አሠራቸው ብዙ ነው። የጾም ወራት ለዚህ መልካም ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን የጾሙ ወጥ በዘይት ከተጥለቀለቀ ወገብ አይጾምም። ዘይት ከጠርሙስ በቀጥታ አይፍሰስ፤ በማንኪያ ይለካ። የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት ከሚረጋው ይመረጣል። በሮመዳንም በማፍጠሪያ ሰዓት ቴምርና ፍራፍሬ ከተጠበሰው ቢቀድሙ መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ በመኖሪያችን ጓሮ እንትከል። የፍራፍሬ ዋጋ በወታደር ደመወዝ ላይ እንደሚከብድ እናውቃለን። ጎመንና ቆስጣ ግን ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ ደጋግመው ስለሚሰጡ ጥቂት ክንድ መሬትም ለቤተሰብ ይረዳል። አትክልት የታጠበበት ውኃ ለመጠጫቸው ይሆናል።

አራተኛ፤ እንንቀሳቀስ። የጠዋት ስፖርት የምልምሎች ሥራ ነው ብሎ የሚቀር አለቃ የሚያጠፋው ሁለት ጊዜ ነው፤ በራሱ ልብና በአርአያነቱ ላይ። እኅቶቻችንም ወደ ገበያ በእግር መሄድን እንደ ውርደት አይቍጠሩት። ባሎችም ሚስቶቻቸው ከቤት ወጥተው እንዲራመዱ ልጅ በመያዝ ይርዱ።

አምስተኛ፤ እንመርመር። ቀጭን ሰውም በዘር በሚወረስ ምክንያት ኮሌስትሮሉ ሊበዛ ስለሚችል «እኔ ቦርጭ የለኝም» ብሎ አይዘናጋ። በሐኪም መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ጎመን ጀመርሁ ብሎ መድኃኒቱን አይተው። ይህ ሁሉ ምክር ለአዋቂዎች መሆኑም አይዘንጋ፤ ሕፃናት ለእድገታቸው ስብ ያስፈልጋቸዋልና ከእነርሱ ድርሻ ቅቤና ወተት አይቀነስ። አራስም በወጉ ትታረስ፤ ነገር ግን የአራስነቱ ገንፎና ቅቤ ከክርስትናው በኋላም እንደ ዕለት ምግብ አይቀጥል።

ለባሎች አንድ ቃል

በብዙ ቤት ሚስት ጎመን አብዝታ ስታቀርብ ባል «እኔ ፍየል ነኝ?» ይላል። እንግዲያው ድስቱን ለመለወጥ የምትሞክረውን ሴት የሚያሸንፋት የገበያ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የባሏ ፊትም ነው። ሥጋ ያላየ ማዕድ ንቀት ነው የሚል ባል፣ ሚስቱ እርሱን ለልጆቹ ለማቆየት የምታደርገውን ትግል ከኋላ እየወጋ መሆኑን ይረዳ። በጦር ሜዳ ከጥይት የተረፈ ሰው በአርባ ዓመቱ በገዛ ቤቱ ወድቆ ልጆቹን ያለ አባት ቢያስቀር ምን ዓይነት ድል ነው? እንዲሁም በባሏ ሆድ መግፋት የምትመሰገን ሚስት ምስጋናውን ከመቀበሏ በፊት ሜትሩን ታንሣ።

የካርቱም ታሪክ አንድ የመጨረሻ ትምህርት ጥሎልናል። በ2023 ጦርነቱ በፈነዳ ጊዜ ብዙ ሆስፒታሎች ከሥራ ውጭ ሆኑ። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ የልብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን መድኃኒታቸው ተቋረጠባቸው። ወገኖቻችንም ያፈሩትን ንብረት ጥለው ወደ መተማ የተመለሱ አሉ። ቤት ይቃጠላል፣ ሱቅ ይዘረፋል፣ ፋርማሲም ይዘጋል። በሰላም ቀን በልማድ የተገነባ ጤና ግን ሰውየው በሄደበት አብሮት ይሄዳል። ይህን ከወታደር ቤተሰብ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን፦ ሜትር ተውሶ ወገቡን ይለካ፤ በማዕዱም ላይ አንድ ተጨማሪ የጎመን ወይም የሰላጣ ሳህን ያኑር። የተለካውን ቁጥር ከቀኑ ጋር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ በጓዳ በር ላይ ለጥፉት፤ ከወር በኋላም መልሳችሁ ለኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።